የሞተች ላም በየትኛው ዋጋ ትቆጠራለች?

በ2015 ዓ.ም. የበጋ ወራት በቦረና ዞን የድርቁን ጉዳት ይመዘግብ ከነበረ አንድ አነስተኛ ቡድን ጋር ሠርቼ ነበር። ዝናቡ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ከቀረ በኋላ ቦረና የነበረችበትን ሁኔታ አንባቢ በጊዜው በቴሌቪዥንም በማኅበራዊ ሚዲያም ተከታትሎታል። በየመንገዱ ዳር የወደቀውን ከብት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በላስቲክ መጠለያ የሰፈረውን ሕዝብ፣ ከየከተማው እህልና ውሃ ጭኖ ይወርድ የነበረውን መኪና መልሼ አልተርክም። እኔን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የጠየቁኝም አንድ አዛውንት አርብቶ አደር ናቸው።

የያዝነው ቅጽ ረጅም አልነበረም። የአባወራው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ከድርቁ በፊት የነበሩት የቀንድ ከብቶች፣ ከእነዚያ መካከል የሞቱት፣ የተሸጡትና የቀሩት፣ በመጨረሻም «የጠፋው ሀብት ግምት በብር» የሚል ዓምድ ነበረው። አዛውንቱ ከእሾህ አጥሩ ጥግ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ ስንት ላም እንደሞተባቸው ጠየቅኋቸው። ቁጥር አልሰጡኝም። ላሞቹን አንድ በአንድ በመልካቸውና በትውልዳቸው ይጠሩልኝ ጀመር፤ ጥቁሯ፣ ቦቃዋ፣ የቀይዋ ልጅ፣ እናቷ ከአማታቸው ቤት የመጣችው ዳለቻ። እኔ ለእያንዳንዷ አንድ ጭረት እየጫርሁ ቆጠርሁ።

ወደ መጨረሻው ዓምድ ስንደርስ አዛውንቱ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብለው «በየትኛው ዋጋ?» አሉኝ። ወዲያው ስላልመለስሁላቸው ዘርዘር አድርገው ደገሙት። ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ላሟ ያቤሎ ገበያ ላይ ታወጣው የነበረ ዋጋ አለ። ከስታ መቆም ሲያቅታት ነጋዴ የሚሰጥባት ዋጋ አለ፤ እሱ የአንድ ጆንያ በቆሎ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ደግሞ ዝናብ ዘንቦ ሣሩ ሲበቅል፣ ሁሉም መንጋውን ለመተካት ላም ፍለጋ ሲወጣና ሻጭ ሲጠፋ የምትጠየቅበት ዋጋ ነው። «እኔ መልሼ የምገዛት በሦስተኛው ነው፤ እናንተ የምትጽፉት የትኛውን ነው?» አሉ።

የተሰጠን መመሪያ የዕለቱን የገበያ ዋጋ እንድንጠቀም ያዛል፤ እንደዚያው ጻፍን። ማታ ያቤሎ ተመልሰን የየቀበሌውን ድምር ስንሠራ ግን የአዛውንቱ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ ፊት ለፊቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ድርቁ በከፋ ቁጥር የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ዋጋው በወደቀ ቁጥር በቅጻችን ላይ የሚሰፈረው ጥፋት ያንሳል፤ በዚህ ስሌት ክፉኛ የተመታው ቀበሌ በብር ሲተመን ከሌላው ያነሰ የተጎዳ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ወዲህ «በአደጋ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ኪሳራ የደረሰባቸው አገሮች» የሚል ሰንጠረዥ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቀንና ሰዓት ያለው አደጋ

የጉዳት ምዘና ባለሙያዎች ለአዛውንቱ ጥያቄ መልስ የላቸውም ማለት አይደለም። የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታትና የአውሮፓ ኅብረት ከአደጋ በኋላ በጋራ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ የወደመው ሀብት ነው፤ የፈረሰ ቤት፣ የተሰበረ ድልድይ፣ የሞተ ከብት። ሌላው ሀብቱ በመውደሙ ምክንያት የቀረው ገቢ ነው፤ ያልታለበ ወተት፣ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ፣ ያልታረሰ ማሳ። የወደመው ሀብት የሚተመነው አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበረው ዋጋ፣ ለመተካት በሚያስፈልገው ልክ ነው። በዚህ አሠራር ከሄድን የአዛውንቱ ላም ቢያንስ በመጀመሪያው ዋጋ መቆጠር ይገባት ነበር።

ይህ አሠራር የሚስማማው ግን «በፊት» እና «በኋላ» ቁርጥ ብለው ለሚለዩበት አደጋ ነው። የጃፓኑ ርዕደ መሬትና ሱናሚ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ጀመረ። የሄይቲው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ላይ ነበር። ከዚያች ደቂቃ በፊት ቤቱ ቆሞ ነበር፤ ዋጋውም ይታወቃል። ድርቅ እንዲህ ያለ ደቂቃ የለውም። ቦረና ውስጥ «ከድርቁ በፊት» የሚባለው የትኛው ቀን ነው? የመጀመሪያው ዝናብ ሳይመጣ የቀረበት ወቅት ነው ወይስ ሁለተኛው? አንዳንዱ ቤተሰብ በሁለተኛው ወቅት ግማሽ መንጋውን በርካሽ ሸጦ ጨርሷል፤ የተሸጠ ከብት ደግሞ በቅጹ ላይ የሞተ አይባልም፣ ገበያ የወጣ እንጂ። መንጋው ራሱ በ2003 እና በ2009 ዓ.ም. ከደረሱት ድርቆች በቅጡ ያላገገመ ነበር። ስለዚህ «በፊት» ብለን የመዘገብነው ቁጥር ቀደም ሲል የጎደለ ቁጥር ነው።

ላም ደግሞ እንደ ቤት በአንድ መስመር ብቻ የምትጻፍ ሀብት አይደለችም። ወተቷ የሕፃናት ምግብ ነው፤ ጥጃዋ የነገ መንጋ ነው፤ ጥሎሽም፣ መታከሚያም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም እሷው ናት። በደጋው ደግሞ በሬው የእርሻ መሣሪያ ነው። በታሪካችን «ክፉ ቀን» የሚል ስም የወጣለት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረሃብ እንዴት እንደጀመረ ማስታወስ ይበቃል። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀው፤ ገበሬው መሬትም ዘርም እያለው የሚጠምደው በሬ አጣ። የሚታየው ጥፋት የከብት ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ግን የሰው እልቂት ነው። በዚያ ዘመን ጉዳት መዝጋቢ ቢኖርና በሬዎቹን በገበያ ዋጋ ደምሮ ቢያቆም ኖሮ፣ ከሆነው ነገር ውስጥ እጅግ ትንሹን ብቻ ይዞ ይመለስ ነበር።

አገሮች በዶላር ሲሰለፉ

ከቦረና ከተመለስሁ በኋላ የየአገሩን የጉዳት አኃዝ መመልከት ልማዴ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ስጋት ቅነሳ ጽሕፈት ቤት በቤልጅየም ሉቬን ዩኒቨርሲቲ ከሚገኝ የጥናት ማዕከል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2017 ያለውን ሃያ ዓመት የሚሸፍን ሪፖርት አውጥቷል። በዚያ ሪፖርት መሠረት ከፍተኛውን የኢኮኖሚ ኪሳራ ያስመዘገበችው አሜሪካ ስትሆን መጠኑ 944.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቻይና በ492.2 ቢሊዮን፣ ጃፓን በ376.3 ቢሊዮን ይከተላሉ። በዚሁ ሪፖርት ኪሳራው ከእያንዳንዱ አገር ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ጋር ሲነጻጸር ግን ከላይ የምትቀመጠው ሄይቲ ናት። መሬቱና ጎርፉ ያው ሆነው፣ ሰልፉ በመስፈሪያው ምክንያት ብቻ ተገለበጠ።

ይህን በአንድ የአውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው ሄሪኬን ቴክሳስን መትቶ 125 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ጉዳት አደረሰ፤ ይህም ከአሜሪካ ዓመታዊ ምርት አንድ በመቶ የማይሞላ ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ማሪያ የተባለው ሄሪኬን በካሪቢያን ባሕር የምትገኘውን ዶሚኒካ የተባለች ደሴት አገር መታ። የሕዝቧ ቁጥር 70 ሺህ ገደማ በሆነው በዚህች ደሴት የደረሰው ጉዳትና ኪሳራ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገመተ። ከሃርቪ ጋር ሲተያይ መቶኛ እጅ ነው፤ ለደሴቲቱ ግን ካለፈው ዓመት ጠቅላላ ምርቷ 226 በመቶ ማለት ነበር። ሕዝቧ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቶ የሚያገኘውን ሁሉ በአንድ ሌሊት አጣ። በዶላር ሰንጠረዥ ላይ ዶሚኒካን ፈልጎ ለማግኘት ጣትን ብዙ ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. የ2010 ሁለት ርዕደ መሬቶች ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያሉ። ሄይቲን የመታው በመጠኑ 7.0 ነበር፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቺሊን የመታው 8.8፣ በጉልበቱ ሲለካ አምስት መቶ እጥፍ ያህል የሚበልጥ። በቺሊ የሞቱት ከአምስት መቶ በጥቂቱ ይበልጣሉ፤ በሄይቲ የሟቾች ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም ዝቅተኛ የሚባሉት ግምቶች እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የኢኮኖሚ ኪሳራው በሄይቲ 7.8 ቢሊዮን ዶላር፣ በቺሊ 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተባለ። በዶላር ብቻ ለሚያይ ሰው ቺሊ ከሄይቲ አራት እጥፍ ያህል ተጎድታለች። ሄይቲ ያጣችው ግን ከዓመታዊ ምርቷ 120 በመቶ ሲሆን ቺሊ ያጣችው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1960 በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የሚበልጠውን ርዕደ መሬት ካየች ወዲህ የሕንጻ ደንቧን እያጠበቀች የመጣች አገር ናት። ውድ ሕንጻ፣ መንገድና ወደብ ስላላት ኪሳራዋ በዶላር ይገዝፋል፤ ሕንጻዎቿ በደንብ ስለተሠሩ ደግሞ ሰዎቿ ይተርፋሉ። እንግዲህ ትልቅ የዶላር ኪሳራ አንዳንድ ጊዜ የሀብትና የጥንቃቄ ምልክት ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳይዙ ሰንጠረዡን ማንበብ ያሳስታል።

አንድ አደጋ ራሱ እንኳ አንድ ቁጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክን የመታው ርዕደ መሬት ያደረሰውን ጉዳት የዓለም ባንክ በዚያው ወር 34.2 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተ። የቱርክ መንግሥት በቀጣዩ ወር ባወጣው ጥናት 103.6 ቢሊዮን ዶላር አለ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ብዬ አላምንም። የመጀመሪያው በቤቶች፣ በሕንጻዎችና በመሠረተ ልማት ላይ የደረሰውን ቀጥተኛ ጉዳት ብቻ በፍጥነት የገመተ ነው፤ ሁለተኛው የተቋረጠውን ገቢና መንግሥት ያወጣውን ተጨማሪ ወጪም ይዟል። ቱርክን ከሌላ አገር ጋር ልናወዳድር ስንነሳ የትኛውን ቁጥር ይዘን እንደምንሄድ ካልተናገርን ንጽጽሩ ከመነሻው ይበላሻል።

ከምርት ጋር ማነጻጸሩ ከዶላር ሰልፍ የተሻለ መሆኑን አምናለሁ። አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ ሲስማሙም ከያዟቸው ግቦች አንዱ ቀጥተኛ የኢኮኖሚ ኪሳራን ከጠቅላላ ምርት አንጻር እስከ 2030 መቀነስ ነው። ሆኖም ይህም መስፈሪያ የራሱ ክፍተት አለው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ዶሚኒካ 226 በመቶ የሚለው ቁጥር የወጣላት አገር ስለሆነች ነው። ቦረና ከዶሚኒካ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ነገር ግን ያጣችው ሁሉ ለኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት ስለሚካፈል የሚወጣው ቁጥር ከነጥብ በኋላ የሚጻፍ ትንሽ ነገር ይሆናል። በብሔራዊ ስሌት ላይ አገሪቱ በዚያ ዓመት አድጋለች፤ በቦረናዎቹ የዳስና የዱብሉቅ ወረዳዎች ግን መንጋ የነበረው ሰው ያለ መንጋ ቀርቷል። በአገር ደረጃ የሚደረግ ንጽጽር በአገር ውስጥ ያለውን ልዩነት ይውጠዋል፤ የሚውጠውም አብዛኛውን ጊዜ ዳር አገሩንና ቆላውን ነው።

ባዶው ዓምድ

በዚያው የሃያ ዓመት ሪፖርት ውስጥ ከሁሉም ቁጥሮች በላይ ያስደነገጠኝ የኪሳራው ድምር አይደለም። ሀብታም አገሮች ከደረሱባቸው አደጋዎች በ53 በመቶው ላይ የኢኮኖሚ ኪሳራ መጠን ተመዝግቧል። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች የተመዘገበው በ13 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ከመቶ አደጋ ሰማንያ ሰባቱ ሰንጠረዡ ላይ ቀን አላቸው፣ ቦታ አላቸው፣ አንዳንዴም የሟች ቁጥር አላቸው፤ የገንዘቡ ዓምድ ግን ባዶ ነው። ባዶ ዓምድ ሲደመር እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ዜሮን ለየትኛውም ምርት ብናካፍለው ያው ዜሮ ነው። እንግዲህ ድሃ አገሮች በአደጋ የሚያጡት ትንሽ ነው የሚል ሰው ባዶውን ቦታ እያነበበ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ጎፋን እናስታውስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከቀናት ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ቀበረው፤ የቀረው ሰው በአካፋና በባዶ እጁ ጭቃውን ሲቆፍር በፎቶግራፍ አይተናል። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025፣ ሎስ አንጀለስ ዙሪያ የተነሳው የሰደድ እሳት ሰላሳ ያህል ሰዎች ገደለ፤ ሙኒክ ሪ የተባለው ትልቁ የጠለፋ መድን ኩባንያ (ለመድን ሰጪዎች ራሳቸው መድን የሚሰጥ) ጉዳቱን 53 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገመተው፣ ከዚህም 40 ቢሊዮን ያህሉ መድን የተገባለት ነበር። የሎስ አንጀለሱ ሰው ሐዘን ከጎፋው ሰው ሐዘን ያንሳል ወይም ይበልጣል አልልም፤ ቤቱ የነደደበት ሰው የትም ቢሆን ቤቱ ነድዷል። የምለው ስለ መዝገቡ ነው። አንዱ የዓመቱ ታላቅ የኢኮኖሚ አደጋ ሆኖ በየሪፖርቱ ሲሰፍር፣ ሌላው የእንሰት ጓሮና የሣር ክዳን ቤት ስለጠፋበት በኢኮኖሚ ሚዛን ላይ ክብደት ሳይኖረው ያልፋል። እንሰቱ ግን ለዚያ ቤተሰብ የዓመታት ስንቅ ነበር፤ ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚጠበቅ ስንቅ።

መዝገቡ ባዶ መሆኑ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለጋሾች በጀት የሚይዙት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር የሚከራከሩት፣ መድን ሰጪዎች ዋጋ የሚያወጡት በተመዘገበው ላይ ተመሥርተው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን መዝጋቢ ያጣለት ሰው ዕጣም ከዚያ አይለይም።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አንድ ጥናት በዚህ ረገድ ልቤን ያሳረፈ ነገር አለው። አጥኚዎቹ አንድ ዶላር ያጣ ድሃና አንድ ዶላር ያጣ ሀብታም እኩል አልተጎዱም ከሚል ሐሳብ ተነሱ። ሀብታሙ ከቁጠባው ይቀንሳል፤ ድሃው ከልጁ ምግብ ይቀንሳል። ይህን ከግምት አስገብተው ሲያሰሉ አደጋዎች በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በዓመት 520 ቢሊዮን ዶላር ከሚያህል የፍጆታ ኪሳራ ጋር የሚተካከል ሆኖ አገኙት፤ ይህም በወደመው ንብረት ብቻ ከሚሰላው በ60 በመቶ ይበልጣል። በየዓመቱ 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአደጋ ምክንያት ወደ ድህነት እንደሚገፉም ገምተዋል። ይህ ዘዴ የአዛውንቱን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ባይመልስም ወደ እሳቸው በርጩማ በጣም የቀረበ ነው። ጥያቄውን ከንብረቱ ዋጋ አንስቶ ንብረቱ ይዞት ወደነበረው ሰው ያዞረዋል።

ሃምሳ ሎሚ

አገሮችን ስናወዳድር ከኪሳራው መጠን ይልቅ ኪሳራውን ማን ተሸከመው የሚለው ይበልጥ የሚነግረን ይመስለኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በርዕደ መሬት ፈርሳ 185 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያ ዘመን በተከታታይ የደረሱት መንቀጥቀጦች ያስከተሉት ጉዳት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት አንድ አምስተኛ ያህል ተገምቷል። በመጠኑ ሲታይ ለአንዲት ትንሽ አገር ከባድ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ጉዳት መድን የተገባለት ነበር፤ የኒውዚላንድ መድን ሰጪዎች ደግሞ ሸክሙን ባሕር ማዶ ላሉ የጠለፋ መድን ኩባንያዎች አስቀድመው አካፍለውት ነበር። ከተማዋ ስትሠራ ገንዘቡ የመጣው ከዓለም ዙሪያ ነው።

ቦረናም ይህን ሐሳብ ከማንም አልተማረም። ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት መንጋው ያለቀበትን ሰው የጎሳው አባላት ከየመንጋቸው ከብት አዋጥተው መልሰው ያቆሙታል። ከእኛ እድር የሚለየው ሰውየው እንደገና ሠርቶ እንዲኖር የሚያደርገውን ዋናውን ሀብት ራሱን የሚተካ መሆኑ ነው። ይህ ሥርዓት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ለሚቆምበት ጊዜ የተበጀ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ግን የሚያዋጣ የለም። በ2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ ለአንድ ጎረቤት የሚሰጥ ጊደር ያለው ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። በአንድ አካባቢ ያለ ሕዝብ እርስ በርሱ ብቻ የተጋራው ሥጋት፣ ሰማዩ በሁሉም ላይ እኩል ሲዘጋ ይፈርሳል። ስለዚህ ሎሚውን ከቦረና ውጭ ለሚኖሩ ሰዎችም ማካፈል ያስፈልጋል። ከኒውዚላንድ የምንወስደው ትምህርት የሕንጻ አሠራር ብቻ መሆን የለበትም።

ለዚህ የሚሆን ሙከራ በአገራችን ተጀምሯል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከሌሎች ጋር ሆኖ በመጀመሪያ በሰሜን ኬንያዋ ማርሳቢት እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከዚያም በቦረና እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው የከብት መድን አለ። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ክፍያ ይፈጸማል። የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው ወደ እያንዳንዱ በረት መሄድ የለበትም። የዚህ ዘዴ ጥሩ ጎኑ ክፍያው ከብቱ ከመሞቱ በፊት ሊደርስ መቻሉ ነው፤ ገንዘቡ መኖና ውሃ ሊገዛ ይችላል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ሳተላይቱ አረንጓዴ ያየው ቦታ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል፤ ዓረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን መዋጮ፣ መክፈል የሚያቅተውም መድኑ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ሙከራው ቢሰፋ ከሚደግፉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ቦረናን ከድርቅ ያድናል ብሎ በእሱ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ የእንስሳት ጤና፣ የውሃ ጉድጓድ ጥገና፣ ከብቱ ሳይከሳ በተሻለ ዋጋ የሚሸጥበት መንገድ ሁሉ ከጎኑ ያስፈልጋሉ።

ስሌቱ የሚዘጋበት ቀን

አንድ ነገር ገና አላበቃም። የጉዳት ምዘና አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሪፖርቱ ይታተማል፣ ቁጥሩ ወደ ሰንጠረዡ ይገባል። የድርቅ ጉዳት ግን በዚያ ቀን አይዘጋም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ሕፃናት የነበሩ ኢትዮጵያውያን ካደጉ በኋላ የተጠኑ ሲሆን፣ በረሃቡ ወቅት ከሦስት ዓመት በታች የነበሩት ከሌሎቹ በሚለካ መጠን በቁመት አጥረው ተገኝተዋል፤ ትምህርታቸውም ተጎድቷል። ያ ሁሉ በየትኛው ሰንጠረዥ ተጻፈ? ቦረና ውስጥም በዚያ በጋ ወተት ያላገኘው ሕፃን ኪሳራ የሚታወቀው ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው።

መንጋው አልቆበት ከአርብቶ አደርነት የወጣው ሰውም አለ። ያቤሎና ሞያሌ የቀን ሥራ የሚፈልግ፣ እንጨትና ከሰል የሚሸጥ፣ ልጁን ዘመድ ቤት ያስጠጋ ሰው። ዝናቡ ተመልሶ ሣሩ በቅሏል፤ ለእሱ ግን ሣሩን የሚበላ ከብት የለውም፤ ላሟም አዛውንቱ እንዳሉት በሦስተኛው ዋጋ ነው የምትሸጠው። በቅጾቻችን ላይ ጊዜን የሚያሳዩት «ከድርቁ በፊት» እና «አሁን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ነበሩ። እኔ የምፈልገው ሦስተኛ ዓምድ ነው፤ ዝናቡ ከተመለሰ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እነዚያው ቤቶች ተመልሶ አንድ ላም ለመተካት ስንት እንደተጠየቀ፣ ማን እንደተካ፣ ማን ሳይተካ እንደቀረ የሚመዘግብ። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች የገበያ ዋጋ መሰብሰባቸው አይቀርም፤ የአባወራዎቹም ስም በእጃችን አለ። የመጀመሪያው ዝናብ ከመቅረቱ በፊት የነበረውን ዋጋ መነሻ አድርጎ፣ በዞንና በወረዳ ደረጃ ከአካባቢው ገቢ ጋር አነጻጽሮ ማውጣት አዲስ ተቋም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቅጹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ መስመሩን እንዲጨምር፣ በጀት የሚይዘውም ባለሥልጣን ለመልስ ጉዞው ነዳጅና አበል እንዲፈቅድ ነው።